የአፍንጫዬ መዝገብ ያዥ

ሕክምና ያልተማረ ሐኪም የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር አለ፤ አስፋልቱ የተቦረቦረ፣ ፖስታ የማይደርስበት ሰፈር ሞልቷል። በሽታህን ተናግረህ ሳትጨርስ መድኃኒቱን የሚነግርህ ሰው የጠፋበት ሰፈር ግን አላየሁም። አንዱ ጋ ይህ ሰው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ሌላው ጋ የዳቦ ቤት ባለቤት ነው፤ ሌላው ጋ ደግሞ የሆነ ሰው አክስት ናት። እኛ ጋ ጸጉር አስተካካይ ነው።

የጸጉር አስተካካይ ሐኪምነት ከሌሎቹ ይለያል። ሾፌሩን ጥለኸው መሄድ ትችላለህ፤ አክስትየዋ ስትደውል ስልኩን አለማንሳት ነው። ጸጉር አስተካካይ ግን ምርመራውን የሚጀምረው አንገትህ ላይ ጨርቅ አስሮ፣ ፊትህን አረፋ ቀብቶ፣ ምላጩን ጉሮሮህ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም ፊት "አይመስለኝም" ያለ በሽተኛ አላውቅም።

የእኛውን ሰፈሩ ሁሉ "ፕሮፌሰር" ይላቸዋል። ማዕረጉን የሰጣቸው አካል አይታወቅም፤ የሚነጥቃቸውም እስካሁን አልተገኘም። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ነጭ ጋዋናቸውን በየቀኑ ተኩሰው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ደረት ኪሳቸው ላይ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይታያል። የማይቀሩ ሦስት አባባሎች አሏቸው። ሲጀምሩ "ሐኪም ምን ያውቃል? የሚያይህ አምስት ደቂቃ" ይላሉ። ሲያጠብቁት "በዚህ መቀስ እምላለሁ" ይላሉ። ያሉት ሁሉ ከሽፎ ሌላ ሰው መፍትሔ ያገኘ እንደሆነ ደግሞ "እኔ እኮ ድሮ ብዬሃለሁ" ብለው ይደመድማሉ። እኔ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላኝ፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ዘንድ ግን "ልጄ" ነኝ።

በሽታዬ ደግሞ ለእሳቸው ተለክቶ የተሰፋ ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ዛፉና ሣሩ ማበብ ሲጀምር አፍንጫዬ ይፈታል። ትኩሳት የለኝ፣ አያስለኝ፣ አልጋ ላይ አልወድቅ፤ ብቻ አስነጥሳለሁ። አንዴ ከጀመርኩ ከስምንት በታች አቁሜ አላውቅም። አንድ ቀን ከምድር ቤት የጀመርኩትን ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ ነው የጨረስኩት። ዓይኔ ይቀላል፣ ይበላኛል፣ ያለ ኀዘን ያለቅሳል። ላንቃዬን ሳይቀር ያሳክከኛል፤ እሱን ደግሞ ሰው በምን ያከዋል?

ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ጺሜን በሳምንት ሁለት ጊዜ የምላጨው ፕሮፌሰሩ ዘንድ ነው። ምላጭ ሥር ማስነጠስ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት ማስታወሻ ዛሬም ከግራ ጆሮዬ በታች አለ። ከዚያ ወዲህ የአፍንጫዬን ጠባይ አጠኑት። እኔ ገና ሳይታወቀኝ የአፍንጫዬ ጫፍ ነዘር ስትል ያያሉ፤ ምላጩን ወደ ላይ አንስተው አንድ እርምጃ ወደኋላ ይሉና ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ "ይማርህ" ይሉኝ ነበር። እኔ "ያኑርዎት" ብዬ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። በኋላ ሰለቻቸውና የሳምንቱን አጠቃለው ሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ ይሉኝ ጀመር።

መስታወታቸው ሥር በረድፍ የተመቱ ሚስማሮች አሉ። እያንዳንዱ ቋሚ ደንበኛ አንድ ሚስማር አለው፤ ሚስማሩ ላይ በየዓመቱ የሚጨመር አንድ የቀን መቁጠሪያ ካርድ ይንጠለጠላል። የተስተካከለበት ቀን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነጥብ ይደረግበታል፤ "ማን መቼ እንደመጣ ካላወቅሁ ማን እንደጎፈረ በምን አውቃለሁ?" ይላሉ። ቀይ ነጥብ ያለው የእኔ ሚስማር ብቻ ነው። ሰማያዊ በሰላም የተላጨሁበት ቀን ነው፤ ቀይ አፍንጫዬ ወይም ዓይኔ ያስቸገራቸው ቀን። "ለራሴ ደህንነት ነው" አሉኝ ስጠይቃቸው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልበየኑብኝ በሽታ የለም። በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋን ነበር። አምስት ሳምንት የሚቆይ፣ ትኩሳት የሌለው፣ በየዓመቱ ቀጠሮ አክብሮ የሚመጣ ጉንፋን። በሁለተኛው ዓመት ትራሱ ነው ተባለ፤ ባለቤቴ ትራሱን ጣለችውና አንድ ሰሞን የታጠፈ ካፖርት ተንተርሼ ከረምኩ። በአራተኛው ዓመት ድመታችን ተከሰሰች። ጠበቃ ሳይቆምላት ወደ ባለቤቴ እህት ቤት ተሰደደች። እኔ ማስነጠሴን ቀጠልኩ፤ እሷ ከሦስት ልጆቿ ጋር ተመለሰች። በስድስተኛው ዓመት፣ እንጀራዬ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ነውና፣ የጋዜጣ ቀለም ነው አሉኝ።

"እኔ እኮ የምጽፈው በኮምፒውተር ነው" አልኳቸው።

"እሱ ነዋ" አሉኝ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የአየር ሕክምናው ነበር። ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ትልቅ ጥድ አለ፤ ሱቁን በከፈቱበት ቀን በእጃቸው የተከሉት ነው፤ ዛሬ የሁለተኛውን ፎቅ መስኮት አልፏል። ሥሩ አግዳሚ ወንበር አለ። "የታፈነ አፍንጫ የሚፈልገው ንጹሕ አየር ነው" ብለው ወሰኑ። "ከመላጨትህ በፊት እዚህ ትቀመጣለህ። አርባ ጊዜ በአፍንጫህ ወደ ውስጥ፣ አርባ ጊዜ በአፍህ ወደ ውጭ። በዚህ መቀስ እምላለሁ፣ በሳምንት ትድናለህ።" ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እዚያ ወንበር ላይ አርባ አርባ ጊዜ ተነፈስኩ። ወንበሩ ላይ ሁልጊዜ ቢጫ አቧራ ያርፍበት ስለነበር ከመቀመጤ በፊት በመሀረቤ እጠርገዋለሁ። በዚያው መሀረብ ትንሽ ቆይቼ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ጉዱ የራሴ ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ትልቋ ልጄ አበባው በሚያብብበት ሰሞን አገባች። ድምፅ ማጉያውን ይዤ ቆምኩና "ውድ ልጆቼ" ከማለቴ ተነሳብኝ። አስራ አንድ ጊዜ አስነጠስኩ። ዓይኔ ቀላ፤ እንባዬ በጉንጬ ወረደ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። "ይህ ልጅ... ይህ ልጅ..." እያልኩ ሙሽራውን በጣቴ እያሳየሁ ቁጭ አልኩ። ልል የፈለግሁት "ይህ ልጅ ዕድለኛ ነው" ነበር። የልጁ ቤተሰብ የተረዳው ግን በጋብቻው አንጀቴ እንዳረረ ነው። አማቼ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ጨዋና ሥራ ወዳድ ልጅ ነው። ቤቴ ሲመጣ ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ የወንበር ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው። አለርጂ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብለው የነገሩትን ሰዎች አላመናቸውም።

ዘንድሮ ደግሞ የትንሿ ተራ ደረሰ። አዳራሽ የተገኘው ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያውም አበባው በሚበረታበት ሰሞን። ማታ ከራት በኋላ እኔ ሳህን ሳጥብ እሷ እያደራረቀች ቆየችና፣ "አባዬ፣ እንዳይከፋህ" አለችኝ።

"ምን ሆነሽ?"

"ንግግሩን አጎቴ ቢያደርገውስ?"

አልከፋኝም አልኳት። ከፋኝ። ለዚያች ልጅ የምለውን ነገር ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ይዤው ነበር፤ በወንድሜ አፍ እንዲወጣ ደግሞ አልፈልግም። ወንድሜ ምን ያውቃል? ባለቤቴ ከሳሎን ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ "ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ" አለችኝ። "እውነተኛው ዘንድ።"

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጥያቄዋ ግን የዕድሜ ባለጸጋ ጥያቄ ነው። አፍንጫዬን በትንሽ መብራት አየችና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

"ትኩሳት ይኖርዎታል?"

"የለም።"

"ያሳክክዎታል?"

"ላንቃዬን ሳይቀር።"

"መቼ ጀምሮ መቼ ያቆማል?"

"አበባ ሲያብብ ጀምሮ፣ አበባ ሲያቆም ያቆማል።"

"ሁሉም በአንድ ቀን አያብብም እኮ፤ ዛፉ በጊዜው፣ ሣሩም በጊዜው ነው። ቀኑን ቢነግሩኝ ብዙ ነገር ይቀለኝ ነበር።"

የተጋባንበትን ቀን እንኳ በየዓመቱ የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት። "የሚያውቅ ሰው አለ" ብያት ወጣሁ።

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ስገባ ጨርቁን እያራገፉ ነበር። ነገርኳቸው።

"ሐኪም ዘንድ ሄድክ" አሉኝ፤ ጥያቄ ሳይሆን ፍርድ ነበር።

"ልጄ ልታገባ ነው ፕሮፌሰር። በሠርጓ ቀን መናገር እፈልጋለሁ።"

ጨርቁን አጣጠፉት። ከዚያ ፈተው ደግመው አጣጠፉት። "ስንት ደቂቃ አየችህ?"

"ሃያ።"

"ሃያ" አሉ ለራሳቸው። የዘንድሮውን ትተው ከሚስማሬ ላይ ያለፉትን ዘጠኝ ካርዶች አወረዱ፤ በጋዜጣ ጠቀለሏቸው፤ በላስቲክ አሰሩ። "ቀይ አደጋ ነው፣ ሰማያዊ ሰላም ነው። እንዳይምታታባት ንገራት። ደግሞ እንዳይታጠፍ።"

ዶክተሯ ካርዶቹን ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። ቀዮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። ቀዮቹ ነጥቦች በየዓመቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጀምራሉ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ያቆማሉ። ዘጠኝ ዓመት፣ ያለ ማዛነፍ።

"የትኛው ሐኪም ነው ይህን የመዘገበው?" አለችኝ።

"ጸጉር አስተካካዬ ናቸው።"

ክንዴ ላይ ከሣር፣ ከድመትና ከጥድ የተዘጋጁ ጠብታዎች አድርጋ እያንዳንዱን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። የሣሩ ዝም አለ። የድመቷም ዝም አለ፤ ቤት ስገባ ይቅርታ ጠየቅኋት። የጥዱ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደ ትንኝ ንክሻ አብጦ ተገኘ።

"ቤትዎ አካባቢ ጥድ አለ?" አለች።

ቤቴ አካባቢ የለም ልል ስል የጸጉር ቤቱ ደጃፍ ትዝ አለኝ። ስለ አግዳሚው ወንበር ነገርኳት። ስለ አርባው ትንፋሽ ነገርኳት። መሀረቡ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከተረጋጋች በኋላ ነገሩን አስረዳችኝ። ጥፋተኛው የሚያምረው አበባ አይደለም፤ የእሱ ብናኝ ከባድ ስለሆነ ንብ ነው የሚያመላልሰው። አስቸጋሪዎቹ አበባቸው ዓይን የማይገባ፣ ብናኛቸውን ለነፋስ የሚሰጡ ዛፎችና ሣሮች ናቸው። ብናኙም ቢሆን በራሱ ክፉ አይደለም፤ የእኔ ሰውነት ዘበኛ ነው እንግዳውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚጮኸው። መድኃኒቱ በየቀኑ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፤ ሲብስ የሚጨመር የማያስተኛ ክኒን አለ። ዋናው ነገር ሰሞኑ ሳይገባ ከሁለት ሳምንት በፊት መጀመሩ ነው። እኔ በየዓመቱ መድኃኒት የምፈልገው አፍንጫዬ ካበጠ በኋላ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ካርዶቹን ደግማ አየች። "ቀዩ ነጥብ ሊጀምር አስራ ስድስት ቀን ይቀረዋል። ከዛሬ ይጀምራሉ። እኚህን ሰው ሰላም ይበሉልኝ።"

ሰላምታውን ማድረስ ቀላል ነበር። የዛፉን ነገር ማድረስ ግን ሁለት ቀን አስፈራኝ። በመጨረሻ አረፋ ተቀብቼ ሳለሁ ነገርኳቸው፤ የተናዘዝኩት ምላጩ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ፕሮፌሰሩ ወደ ውጭ ወጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ዛፋቸውን ከሥር እስከ ጫፍ አዩት። አረፋው ፊቴ ላይ እስኪደርቅ አልተመለሱም።

"ሦስት ዓመት አስቀመጥኩህ" አሉ ሲገቡ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። "ቅዳሜ መጋዝ አመጣለሁ።"

"ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ። ብናኙ በነፋስ ሩቅ ይሄዳል፤ ከተማው ውስጥ ስንትና ስንት ጥድ አለ። ይኼ ቢቆረጥ ለእኔ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ዛፉን ይተዉት፤ ወንበሩን ብቻ ያንሱልኝ።"

ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። ምላጩን አንስተው በመሳያው ቆዳ ላይ ሁለቴ አመላለሱት። "እኔ እኮ ድሮ ብዬሃለሁ" አሉ። "ጥፋቱ የዛፉ አይደለም፣ የወንበሩ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕክምናውን ሥልጣን ተረከቡ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። "ረጨህ?" ይሉኛል፣ ያለ ሰላምታ። "ወደ መሀል አይደለም፣ ወደ ጆሮህ አዘንብለህ። በኃይል አትሳበው፣ ጉሮሮህ ውስጥ ከገባ ለጉሮሮህ ነው የረጨኸው።" ብናኝ ጸጉር ውስጥ እንደሚጣበቅና ማታ ማታ መታጠብ እንደሚያስፈልግ ዶክተሯ መናገሯን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። "ጸጉር የተባለበት ሁሉ የእኔ ክፍል ነው" አሉ። በቀዩ ሰሞን ወደ ጥዱ እንዳልሄድ ከለከሉኝና ቦርሳቸውን ይዘው ቤቴ እየመጡ ይላጩኝ ጀመር። ሲገቡ መጀመሪያ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ቀጥለው በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ ካለ ብናኝ እንዳያርፍበት ለባለቤቴ አንስተው ያስረክቧታል። "ሐኪም ምን ያውቃል?" የሚለው አባባላቸው ጠፋ። በምትኩ "እኔና ዶክተሯ እንደተስማማነው" መጣ። ዶክተሯ እስከ ዛሬ በዓይኗ አላየቻቸውም።

በቀዩ ሰሞን ሁለተኛ ሳምንት ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ፣ በስልክ "ረጨሁ" እያልኩ ሦስት ቀን ሳልረጭ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ምላጩ ሥር ስምንት ጊዜ አስነጠስኩ።

"ለምን ተውከው?" አሉኝ ቀዩን እስክሪብቶ እያወጡ።

"ደህና ስለሆንኩ ነዋ።"

"ደህና የሆንከው እኮ ስላልተውከው ነው" አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰጡኝ ትክክለኛ ምክር ይህ የመጀመሪያው ነው።

የሠርጉ ዋዜማ ላይ ላጩኝ። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ጋዋናቸውን ትተው ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ግራና ቀኝ ኪሳቸው በሶፍት ተወጥሯል። በአትክልቱ በኩል ያሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ እየዞሩ ዘጉ፤ አስተናጋጁ ሙቀት ነው ሲላቸው "የሕክምና ትእዛዝ ነው" ብለው አሰናበቱት።

ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። "ውድ ልጆቼ" አልኩና ቆም ብዬ ጠበቅሁ። ባለቤቴም ጠበቀች፤ ወንድሜ ወረቀት ይዞ በተጠንቀቅ ተቀምጧል። አፍንጫዬ ዝም አለ። ቀጠልኩ። ይህች ልጅ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ከሥራ ስመለስ ትጠብቀኝ እንደነበር ተናገርኩ። እያስነጠስኩ ስወጣ ለእያንዳንዱ "ይማርህ አባዬ" ትለኝ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ በሦስተኛው ላይ ሲሰለች እሷ እስከ መጨረሻው አንድም ሳታስቀር ትቆጥር እንደነበር ተናገርኩ። "እንዲህ የማይሰለች ሰው ቤትህ ገባ" አልኩት ሙሽራውን። ቀና ስል ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። በቃ፣ ዓይኔ ሞላ። እንባዬ ወረደ፣ ድምፄ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ማውጣት አልቻልኩም።

የሙሽራው እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትልቁ አማቼ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

ያን ጊዜ ከኋላ ረድፍ ፕሮፌሰሩ ብድግ አሉ። "አይዟችሁ፣ ምንም አይደለም" አሉ በሙሉ ድምፃቸው። "አለርጂ ነው። ጥድ ነው። የማክመው እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ተነፈሰ፣ ሳቀም። አማቼ ግን ወደ እሳቸው ዞረ። "የዛሬ ሦስት ዓመትም... እሱ ነበር?"

"በዚህ መቀስ እምላለሁ" አሉ፣ መቀስ ባይዙም። "ቀኑ በቀይ ተጽፎ ካርዱ ላይ አለ።"

አማቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ልጄ ተነስታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና በጆሮዬ "ይማርህ አባዬ" አለችኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስነጥስ።

የቀዩ ሰሞን ሲያልፍ ወደ ጸጉር ቤቱ ተመለስኩ። ጥዱ እንደቆመ ነው፤ አግዳሚው ወንበር ገብቶ መስታወቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፕሮፌሰሩ አረፋውን ሲመቱ የዘንድሮ ካርዴን ከሚስማሩ ላይ ገለጥ አደረግሁ። የተላጨሁት በዋዜማው ነበርና የሠርጉ ቀን ባዶ መሆን ነበረበት። ባዶ አልነበረም። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አለርጂ ነው ብለው የመሰከሩት ሰው፣ ቀኑ ላይ ያደረጉት ነጥብ ሰማያዊ ነው። ዘጠኝ ዓመት አፍንጫዬን ሲመለከቱ የኖሩ ሰው፣ የትኛው እንባ ከየት እንደሚመጣ አልጠፋቸውም። እንዲህ የሚያውቀኝ ሐኪም የትም እንደማላገኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ምን ታያለህ?" አሉኝ ከኋላዬ።

"ምንም።"

"እንግዲያው አገጭህን ቀና አድርግ፣ ልጄ።"

አገጬን ቀና አደረግሁ።